የጅማ መንገድ ልጆች

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም አለፉ። በከተማይቱ የአርመን ገዳም ውስጥ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ፤ ልባቸው ተነካ። ከአርመን ቤተ ክርስቲያን አባቶች ጋር ተነጋግረው አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በሙዚቃ መምህሩ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። በ1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ናልባንዲያን ነው።

የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከእነዚህ ልጆች መጀመሩ አይቀርም። በዚህ ትረካ ግን ልጅነታቸው ራሱ ትልቅ ቦታ አለው። ትልልቆቹ ባለሥልጣናት በሚቀመጡበት አደባባይ የመለከት ድምፅ ያሰሙት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትና ጎረምሶች ነበሩ። ተሰጥኦ በልጅነት ይታያል፤ ያየው ትልቅ ሰው የሚያደርገው ነገር ደግሞ የልጁን ቀሪ ዕድሜ ይወስናል። ከአርባዎቹ ልጆች በኋላ የመጡት ሦስት ልጆች ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። ሁለቱ የጅማ ተወላጆች ናቸው፤ ሦስተኛው ያደገው ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው።

ከአባ ጅፋር እስከ ሰኔ 1933

አርባዎቹ ልጆች አዲስ አበባ ሲገቡ ጅማ ገና በዳግማዊ አባ ጅፋር ትተዳደር ነበር። ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ግርጌ ያለው የሒርማታ ገበያ የግቤን አገሮች ሁሉ ያገናኛል፤ ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ነጋዴው በአጋሰስ እየጫነ ይወርዳል። አባ ጅፋር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ገዝተው በ1925 ዓ.ም. አረፉ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አገሩን ወረረ፤ ጅማንም የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠሩ፤ ጅማን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውና 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መንገድም ለመኪና ተዘረጋ።

ከወረራው ዋዜማ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የሀገር ፍቅር ማኅበር በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ዓላማው ሕዝቡን ለመጣው ጠላት ማንቃት ነበርና ንግግርም፣ ዘፈንም፣ ትያትርም በአንድ መድረክ ይቀርብ ነበር። ይህ ማኅበር ከነጻነት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ የመንገድ ዳር ከተሞችን ልጆች ልብ ይማርካል።

በዚሁ ዘመን በሌላው የዓለም ጫፍ የልጅ ተዋናዮች ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ጃኪ ኩጋን በሕፃንነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በሠራው ፊልም ዓለምን ያስለቀሰና ያሳቀ ልጅ ነበር። አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን እንዳጠፉት ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1938 ከሰሳቸው፤ ያገኘው ግን ከለፋበት ጥቂቱን ብቻ ነው። በዓመቱ የካሊፎርኒያ ግዛት የልጅ ተዋናይ ገቢ ተከፍሎ እንዲጠበቅለት የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሕጉ እስከ ዛሬ በኩጋን ስም ይጠራል። ለአንድ ልጅ ዘግይቶ የደረሰ ፍትሕ ነው፤ ከእሱ በኋላ ለመጡት ግን መከታ ሆኗል።

ያ ሕግ በወጣ በሁለተኛው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1933 ዓ.ም. ገባ። መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጥላሁን ገሠሠ ተወለደ፤ በኋላም ወሊሶ ወደሚኖሩት አያቱ ተወሰደ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። ጅማ ግን ገና በጣሊያን ጦር እጅ ነበረች፤ ነጻ የወጣችው በሰኔ ወር ነው። በዚያው ሰኔ፣ በዚያችው ጅማ፣ የእሸቴ አንዳርጌ ልጅ ዓለማየሁ ተወለደ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በታኅሣሥ 1936 ዓ.ም.፣ ሙላቱ አስታጥቄ እዚያው ጅማ ይህን ዓለም ተቀላቀለ።

በጭነት መኪና ላይ የሸሸው ልጅ

ከነጻነት በኋላ የጅማ መንገድ የቡና መንገድ ሆነ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ፣ ከሰቃ የተሰበሰበው ቡና በጆንያ እየተሞላ ጅማ ይገባል። ከዚያ በሰርቦ፣ በአሰንዳቦና በሰኮሩ አድርጎ የግቤን ሸለቆ ይወርዳል፤ ዳገቱን ወጥቶ በወልቂጤ፣ በወሊሶና በቱሉ ቦሎ በኩል አዲስ አበባ ይደርሳል። መኪኖቹ ሲመለሱ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ሳሙናና ወሬ ይጭናሉ። በመንገዱ ዳር ለሚያድግ ልጅ አዲስ አበባ በየቀኑ በፊቱ የምታልፍ ከተማ ነበረች።

ጥላሁን በወሊሶ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። አያቱ ልባቸው ከትምህርቱ ላይ ነበር፤ የልጁ ልብ ግን ከዘፈን። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሱዳናዊ ነበሩ፤ ሚስተር ሸዳድ ይባላሉ። ልጁ ያለውን ድምፅ ሰምተው አበረታቱት፤ ሙዚቃን ከፈለገ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ እንደሆነ ነገሩት። በኋላም የሀገር ፍቅር ከያንያን ወሊሶ መጥተው በትምህርት ቤቱ ትርዒት አሳዩ። ከመጡት መካከል ንጋቷ ከልካይና እዩኤል ዮሐንስ ነበሩ። ጥላሁን እዩኤልን አነጋገረ፤ እሱም ያንኑ ምክር ሰጠው።

ልጁ ለአያቱ ሳይናገር በእግሩ ተነሣ። አያቱ ለፖሊስ አመለከቱ፤ ልጁ ቱሉ ቦሎ ላይ ተያዘ። እዚያ የሥጋ ዘመዱ ወይዘሮ ተመኔ ባንቱ ቤት አድሮ በማግስቱ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። በአያቱ ቤት የቆየው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ በእግሩ አልሞከረውም፤ ዕቃ በጫነ መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ።

ሀገር ፍቅር ተቀበለው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ልጅ ከአንጋፋ ከያንያን ጋር እኩል መድረክ ላይ ቆመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክቡር ዘበኛ ወሰደው። በዚያን ጊዜ የሀገሪቱ ምርጥ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ምርጥ አሠልጣኝና ቋሚ ደመወዝ የሚገኘው በጦር ሠራዊቱና በፖሊስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ነበር። ዘፋኙ የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ ሰዓት አክብሮ ይለማመዳል፤ ለወር ደመወዙ ይፈርማል። ከአያቱ ቤት የጠፋ ልጅ በዚያ ሥርዓት ውስጥ እንደ ሣህሌ ደጋጎ ካሉ የዜማ ደራሲዎችና አቀናባሪዎች ጋር ተገናኘ። ድምፁ የተፈጥሮ ስጦታ ነበር፤ የተገራው ግን በልምምድ ክፍል ነው።

ሆሊዉድን የተመኘው የጅማ ልጅ

ዓለማየሁ ወላጆቹ ከተለያዩ በኋላ ከአባቱ ጋር አዲስ አበባ ገባ። አባቱ ታክሲ ነጂ ነበሩ። ልጁ በሲኒማ ቤቶች ፍቅር ወደቀ። የአሜሪካ ፊልሞችን ያያል፤ ኤልቪስ ፕሪስሊን ይሰማል፤ ጸጉሩን እንደ እሱ ያሳድጋል፤ አለባበሱንና የወገቡን እንቅስቃሴ ያጠናል። አሥመራ ላይ በነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሬዲዮና በሚመጡት ሸክላዎች አማካይነት ያ ሙዚቃ ወደ ሀገር ቤት ይገባ ነበር። ዓለማየሁ በትምህርት ቤት ትርዒቶች ላይ የኤልቪስን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ሲያንቆረቁር ተማሪው ይጮህለታል። በእኩዮቹ ዘንድ ገና ጎረምሳ ሳለ ዝነኛ ሆነ።

ምኞቱ ዘፋኝነት ብቻ አልነበረም፤ የፊልም ተዋናይ መሆን ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን ከቤት ጠፍቶ ወደ ምፅዋ አቀና። አሳቡ ከወደቡ መርከብ ላይ ተሳፍሮ አሜሪካ፣ ከዚያም ሆሊዉድ መግባት ነበር። ጉዞው ከባሕሩ ዳርቻ አላለፈም፤ ተይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የወሊሶው ልጅ ቱሉ ቦሎ ላይ ተይዞ እንደተመለሰ ሁሉ የጅማውም ልጅ መንገዱ ተቆረጠበት። ልዩነቱ ጥላሁን የሚፈልገው መድረክ ከመንገዱ ማብቂያ መኖሩ ነው፤ የዓለማየሁ ግን ውቅያኖስ ማዶ ነበር።

ሦስተኛው ልጅ ውቅያኖሱን በሕጋዊ መንገድ ተሻገረ። ሙላቱ አስታጥቄን ቤተሰቡ በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ፣ ሊንዲስፋርን ኮሌጅ ላከው። የታሰበለት ምሕንድስና ነበር። በትምህርት ቤቱ ግን የሙዚቃ ዝንባሌው ወጣ፤ መምህራኑም አይተው አደፋፈሩት። ከዚያ ለንደን በሚገኘው ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማረ፤ ቀጥሎም ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገብቶ ከአፍሪካ የመጣ የመጀመሪያው ተማሪ ሆነ። ቪብራፎንና የከበሮ መሣሪያዎችን እዚያ አጠና።

ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። ክቡር ዘበኛ ሲመታ ኦርኬስትራውም አብሮ ተመታ። ጥላሁን ታስሮ ለተወሰነ ጊዜ ቆየ። ያሳደገው ቤት የታሰረበት ምክንያት ሆነ። ሃያ ዓመቱን ገና የጨረሰው ወጣት ከእስር ሲወጣ ያ ቤት የቀድሞው አልነበረም። ከጊዜ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ወደተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ትያትር፣ ተሻገረ። እዚያ እንደገና ቆመ። ብዙ በልጅነት የታወቁ ከያንያን የሚጠፉት የመጀመሪያው ቤታቸው ሲፈርስ ነው፤ ጥላሁን ያለፈው የድምፁ ባለቤት ራሱ ስለነበረ ነው።

በዚያው ሰሞን የዓለማየሁ ዕጣ ተቀየረ። ኮሎኔል ረታ ደመቀ ተሰጥኦውን አይተው የፖሊስ ኦርኬስትራ እንዲገባ ጋበዙት። ዓለማየሁ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፖሊስ ድምፃዊ ሆነ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ዓለማየሁ ራሱ በኋላ ሲያወጋ፣ የአሜሪካኖቹን ዘፈን ሲዘፍን ይወደድ እንደነበር፣ በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር ግን ዝናው ወዲያው እንደናረ ይናገር ነበር። ኤልቪስን ከመድረኩ አላባረረውም። ጸጉሩ፣ ሱፉ፣ ጩኸቱና የእግሩ ፍጥነት ቀሩ፤ ውስጣቸው የገባው ቃል ግን የእናት ቋንቋ ሆነ። የልጅነት ፍቅሩን ሳይክድ የራሱን ሰው አገኘ።

አብሮት የቆመው ግርማ በየነ ነው። ግርማ ፒያኖ ይጫወታል፣ ይዘፍናል፣ ከሁሉ በላይ ያቀናብራል። ሁለቱ ከፖሊስ በኋላ የዓለም-ግርማን ባንድ መሠረቱ። አንድ ድምፃዊ በልጅነቱ በጭብጨባ ብቻ ሊያድግ ይችላል፤ ካደገ በኋላ ግን የሚያርመው፣ «ይኼ አይሆንም» የሚለው የሙያ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ዓለማየሁ ግርማን አገኘ።

ሕፃናት በቴሌቪዥን

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የልጆችን ዝግጅት የመራው የሀገር ፍቅርና የትያትር ቤቱ አንጋፋ ተዋናይ ተስፋዬ ሣህሉ ነው፤ በኋላ መላው ሀገር «አባባ ተስፋዬ» ብሎ የጠራው። በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለደ ሰው ነበር፤ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይን ተጫውቷል፤ ለኮሪያ ዘማቾችም ትርዒት አሳይቷል። አራት ዐሥርት ዓመታት ያህል በዚያ ዝግጅት ተረት ነገረ፤ ልጆችንም በስማቸው እየጠራ አስቀምጦ አነጋገረ።

የዚያን ዝግጅት ሥራ ከአሜሪካ የቤተሰብ ቀልድ ድራማዎች ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። እዚያ ልጁ ራሱ ዋናው ኮከብ ነው፤ በየሳምንቱ ሀገር ሁሉ ያየዋል፤ ድምፁ ሲጎረምስ ሥራው አብሮ ያልቃል። ጌሪ ኮልማን በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ በአንድ እንዲህ ባለ ድራማ ዓለም አቀፍ ዝና አግኝቶ፣ አድጎ ወላጆቹንና ሥራ አስኪያጁን በገንዘቡ ጉዳይ ከሰሰ። በአባባ ተስፋዬ ዘንድ ግን ኮከቡ አዋቂው ነበር፤ ልጆቹ የሚመጡት ዘፍነው፣ ተርተው፣ ተጨብጭቦላቸው ወደ ቤታቸው ለመመለስ ነው። በልጅነታቸው አልተሸጡም። አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፍ በየዕድሜው ያለ ሕዝብ ያለቀሰው የልጅነቱን ጠባቂ ስላጣ ነው።

ሸክላው

በ1950ዎቹ ዓመታት የሸክላ ማሳተም ፈቃድ በመንግሥት ማኅበር እጅ ነበር፤ ግለሰብ አይሞክረውም። በ1961 ዓ.ም. ግን አምሃ እሸቴ የተባለ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት የሆነ ወጣት ሕጉን ተጋፍቶ «አምሃ ሬከርድስ»ን አቋቋመ። ለመጀመሪያ ሸክላው የመረጠው ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ስማቸው ቢመሳሰልም በሥጋ አይዛመዱም። «ትማርኪያለሽ» የተባለው ዘፈን የዚያ ድርጅት የመጀመሪያ ሸክላ ሆነ። አምሃ ከዚያ በኋላ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ወደ ዐሥራ ሁለት የሚጠጉ አልበሞች አሳተመ።

ሸክላው የድምፃዊውን ኑሮ ለወጠ። ከዚያ በፊት ዝና የሚጓዘው በሬዲዮና በኦርኬስትራው ጉዞ ነበር። አሁን የጅማ ነጋዴ ቡናውን አዲስ አበባ አራግፎ ሲመለስ ሸክላ ገዝቶ ሊገባ ይችላል። የጅማው ልጅ በተወለደባት ከተማ መድረክ ላይ ከመቆም ይልቅ በቡና ቤቶቿ ሸክላ ማጫወቻ ላይ መሰማቱ ቀለለ። ምፅዋ ላይ የተመለሰው ተጓዥ ሌላ መርከብ አገኘ ማለት ይቻላል።

በዚሁ ጊዜ ሙላቱ ተመለሰ። በኒው ዮርክ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1966 ሁለት አልበሞችን አውጥቶ ነበር። ወደ ሀገሩ ሲገባ በእጁ የያዘው ነገር አዲስ ነበር፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከጃዝ ስምምነት ጋር አጋጠመ፤ ኢትዮ ጃዝም አለው። በክራርና በማሲንቆ የሰማነው ቅኝት በቪብራፎን ሲሰማ መጀመሪያ ያልተቀበለው ሰው ብዙ ነበር። ሙላቱ አልቸኮለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ የቀዳውና ስሙን የያዘው አልበም፣ ከዚያም በአምሃ የታተሙ ሥራዎቹ ለዚህ ምስክር ናቸው። በኅዳር 1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮት የሠራው ሙላቱ ነበር።

ሰዓት እላፊ

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ በመስከረም 1967 ደርግ ሥልጣን ያዘ። የሰዓት እላፊው ገደብ የሌሊቱን ሙዚቃ በአንድ ጊዜ አስቆመ። ሙዚቀኛ የሚኖረው ከመሸ በኋላ ነው፤ ሌሊቱን የወሰደ እንጀራውን ወሰደ። አምሃ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በዋሺንግተን ምግብ ቤት ከፈተ። ግርማ በየነም በ1973 ዓ.ም. አካባቢ ከዋሊያስ ባንድ ጋር ለትርዒት ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዘመን ከሙዚቃ ርቆ በሌላ ሥራ ኖረ።

ሦስቱ ልጆች ሀገር ቤት ቀሩ። ጥላሁን በብሔራዊ ትያትር ኦርኬስትራ መዝፈኑን ቀጠለ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይዘፍን ነበርና የጅማ ሕዝብ በሁለቱም ቋንቋ የሚያደምጠው ሰው ነበር። ሙላቱ አስተማረ፣ አቀናበረ፣ የባህል መሣሪያዎችን አጠና። ዓለማየሁም ቆየ፤ መድረኩ ቢጠብም፣ ዘመኑ የሚጠይቀው ዘፈን ቢለወጥም ድምፁን አላስቀመጠም። በወጣትነት ዝነኛ የሆነ ሰው ትልቁ ፈተና ዝናው ሲቀንስ ምን እንደሚያደርግ ነው። ብዙዎች ይሰበራሉ። እነዚህ ሰዎች ወደ ሙያቸው ገቡ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሌሊቱ ተመለሰ፤ ያ ወርቃማ የሸክላ ዘመን ግን አልተመለሰም፤ ካሴት ተክቶታል፣ የነሐስ ኦርኬስትራውንም ኪቦርድ። በ1985 ዓ.ም. ጥላሁን አንገቱ ላይ በስለት ክፉኛ ተወጋ፤ ሀገር ደነገጠ። ከሞት ተርፎ እንደገና ዘፈነ። በኋላም የስኳር ሕመም ጸንቶበት እግሩን ቢያጣም ተቀምጦ ዘፈነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

የዘገየው ባሕር ማዶ

በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮዎቹን ሸክላዎች ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ማሳተም ጀመረ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ፣ ዘጠነኛው የዓለማየሁ፣ ዐሥራ ሰባተኛው የጥላሁን ነበር። በጅማ መንገድ ላይ ያደጉት ልጆች ሥራ በፓሪስ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ ሱቆች ጎን ለጎን ተደረደረ።

እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በአንድ ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ከዳር እስከ ዳር ተጠቀመበት። ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ታላቁን የዳኞች ሽልማት አገኘ። የጅማ ልጅ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሊሰማ የቻለው ሆሊዉድን አሳድዶ ሳይሆን የራሱን ቅኝት ይዞ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሙላቱ ለምርምር ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

የዓለማየሁም ተራ በሚሌኒየሙ ደረሰ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ከማሕሙድ አሕመድ፣ ከጌታቸው መኩሪያና ከሙላቱ ጋር በለንደን ባርቢካንና በግላስተንበሪ ፌስቲቫል ቀረበ፤ ያጀባቸው ከቦስተን የመጣው ኢዘር ኦርኬስትራ ነበር። በነሐሴ ወር ደግሞ በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር አደባባይ ዘፈነ። በልጅነቱ በስውር ጉዞ ሊደርስበት የፈለገው አሜሪካ ስድሳ ሰባት ዓመት ሲሞላው በክብር ጠራው። የዘፈነላቸውም በአማርኛ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሕዝብ ተነሥቶ ጨፈረ።

ጥላሁን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዕለት፣ አረፈ። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት በመንግሥት ክብር ተፈጸመ፤ ሕዝቡ አዲስ አበባን ሞላት፤ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ግርማ በየነ ከረጅሙ ዝምታ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳዊው አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም አወጣ። በሚያዝያ 2013 አምሃ እሸቴ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ 27 ቀን ደግሞ ዓለማየሁ እሸቴ አረፉ። ዓለማየሁ ሰማንያ ዓመቱ ነበር፤ እስከ መጨረሻዎቹ ዓመታት መድረክ ላይ አልታጣም።

ይህ ታሪክ ለጅማ የሚያስተምረው

ሦስቱን ሕይወት ስናስተያይ በየአንዳንዱ መጀመሪያ ላይ አንድ አስተዋይ ትልቅ ሰው እናገኛለን። ለጥላሁን ሚስተር ሸዳድና እዩኤል ዮሐንስ፣ ለዓለማየሁ ኮሎኔል ረታ ደመቀ፣ ለሙላቱ የሊንዲስፋርን መምህራን። ተሰጥኦውን አዩ፤ በሩን አሳዩት፤ ልጁን ግን ለራሳቸው አላደረጉትም። ሁለተኛው ነገር የሙያ ቤት ነው፦ ሀገር ፍቅር፣ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ኦርኬስትራ፣ የሙዚቃ ኮሌጅ። በልጅነት የተገኘ ጭብጨባ ዕድሜ ልክ አይዘልቅም፤ የሚዘልቀው በዚያ ቤት የተማሩት ሥራ ነው። ሦስተኛው የራስ ቋንቋ ነው፤ ዓለማየሁ ከኤልቪስ ወደ አማርኛ፣ ሙላቱ ከበርክሊ ወደ አራቱ ቅኝቶች የተሻገሩት ለዚህ ነው።

ሁለቱን ልጆች ለዓለም የሰጠች ከተማ በሥራቸው ልትኮራ ይገባል፤ ኩራቱ ግን በሐውልት ብቻ እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ዛሬ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰርቦ ትምህርት ቤቶች የሚዘፍን፣ የሚተውን፣ በስልክ ቀርጾ ቀልዱን የሚያሰራጭ ልጅ አለ። በአንድ ሳምንት ሚሊዮን ሰው ሊያየው ይችላል፤ ከኋላው ግን ሸዳድ የለውም ይሆናል። የልጁ ገቢ በስሙ ይቀመጥለት፤ ውሉን ወላጅ ብቻ ሳይሆን ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብብለት፤ ትምህርቱ በቀረጻ ምክንያት አይቋረጥ። በየወረዳው የባህል አዳራሽ ቋሚ የሙዚቃና የትያትር አሠልጣኝ ይመደብ፤ ሥልጠናውን የሚሰጡ መምህራንን ደግሞ በከተማው ያለው ዩኒቨርሲቲ ያውጣ።

ጥላሁን ከወሊሶ የወጣው ተደብቆ ነው፤ ዓለማየሁም ወደ ምፅዋ የሄደው ጠፍቶ ነው። የተረፉት ዕድል ስለረዳቸው ጭምር መሆኑን መካድ አይገባም፤ ስማቸውን የማናውቃቸው በመንገድ የቀሩ ልጆች ነበሩ። ተሰጥኦ ያለው የጅማ ልጅ ከቤቱ ሳይሸሽ የሚያድግበትን ቦታ ማዘጋጀት የአዋቂዎች ግዴታ ነው። ገንዘቡም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በሙያው ያረጁ ሰዎችም አሉን፤ የቀረው ልጁን አይቶ ሥራውን ዛሬ መጀመር ነው።